ቲቸር አስካለና ጓሮ ያሉት

ኮርጀሃል ተባልኩና የስምንተኛ ክፍል ውጤቴ ተያዘ። አልኮረጅኩም። ውጤቱ ስለተያዘ መንጃ ፈቃድ ማውጣት አልቻልኩም፤ መንጃ ፈቃድ ስላልነበረኝ ቃል የተገባልኝ የትራክተር ወንበር ላይ ሌላ ሰው ተቀመጠበት። በደሉ ይኸው ነው፣ አላስረዝመውም። እዚህ የምጽፈው ስለ ቲቸር አስካለ ነው። ግን ያንን ሳላነሳ እሳቸውን ማንሳት አልችልም፤ ጥፋቱም የእሳቸው ነበር፣ መፍትሔውም የእሳቸው ነበር።

መሞታቸውን የነገረኝ አብሮኝ የተማረው ከድር ነው። ሮቤ አካባቢ ስንዴ እያጨድን ነበር። ኮምባይነር ላይ ሆኖ ስልክ አይሰማም። ነዳጅ ልንሞላ ስናቆም አየሁት፣ ደጋግሞ ደውሏል። መልሼ ደወልኩ።

«ሽፌ፣ ቲቸር አርፈዋል» አለኝ።

«መቼ?»

«ትናንት ቀበርናቸው።»

«ቀብራችሁ ስታበቁ ትደውላለህ?»

«ወላሂ ስደውል ነው የዋልኩት! አንተ መቼ ታነሳለህ?»

እውነቱን ነው። ስልኩን ዘጋሁና መልሼ ወደ ማሽኑ ወጣሁ። ዝናብ መጣሁ እያለ ነበር፣ ባለስንዴው ከታች ሆኖ እጁን ያወናጭፋል። ለማልቀስም ለመቀመጥም ጊዜ አልነበረም። እንደዚያ ነው የሰማሁት።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት ሠላሳ አራት ዓመት ከሞላኝ በኋላ ነው። ለምን እንደዘገየሁ መተረክ አልወድም፤ የሚያጽናና ነገር የለበትም። የሁሩታ ገጠር ልጅ ነኝ፤ ሚስቴን ይዤ አሰላ ገባሁ፣ የትራክተር ረዳት ሆኜ ማረሻ መግጠም፣ ግራሶ መቀባት፣ ከሥር ተኝቶ ብሎን ማጥበቅ ያዝኩ። መንዳቱን ማሳ ውስጥ ለመድኩት። መንገድ ላይ ግን አልነዳም፣ ወረቀት የለኝማ። ባለ ትራክተሩ ጋሽ ተክሌ ይባላል። «ስምንተኛን ጨርስና መንጃህን አውጣ፣ ወንበሩ ያንተ ነው» አለኝ። የማታ ትምህርት የገባሁት ለዚህ ነው። ዕውቀት ጠምቶኝ አይደለም።

ቲቸር አስካለ የሂሳብ መምህራችን ነበሩ። ከመርሐቤቴ ወጣት ሆነው ተመድበው ነው አሰላ የመጡት። «ሁለት ዓመት ሠርተሽ ትቀየሪያለሽ አሉኝ» ይሉ ነበር፣ «ከዚያ ያንን ያሉኝ ሰዎች ተቀየሩ።» ከባድ ሴት ናቸው። እግራቸው ያብጣል፣ ብዙ መቆም አይችሉም። ስለዚህ ወንበራቸውን ሰሌዳው ሥር አስጠግተው፣ ተቀምጠው ነበር የሚጽፉት፤ እጃቸው የሚደርሰው እስከ ሰሌዳው ግማሽ ነው። የላይኛው ግማሽ ሁልጊዜ ንጹሕ ነው። ከኋላ ያለን ሰዎች የታችኛውን ለማየት ብድግ ቁጭ እንል ነበር። የሹራባቸው ክንድ ከክርኑ በታች በጠመኔ ነጭ ነው፤ በጎናቸው የሚቀመጥ ሰው አብሮ ይነጣል።

ሁላችንንም፣ የልጅ ልጅ ያየውንም ጭምር፣ አንተ አንቺ ነበር የሚሉን። ማንም አይቀየምም። የሚያስፈራው «እርስዎ» ሲሉ ነው። እርስዎ ካሉህ ተሳስተሃል ማለት ነው።

ወደር የሚባለውን ምዕራፍ ስንጀምር የሆነውን ልንገራችሁ። ሁለት ክፍልፋዮች በእኩል ምልክት ግራና ቀኝ ይቆማሉ፤ አንደኛው ውስጥ የማይታወቅ ቁጥር አለ፣ ኤክስ ይሉታል፤ እሱን ፈልግ ነው። የሚፈለገው አመሳቅሎ በማባዛት ነው፤ የግራውን ላይ ከቀኙ ታች፣ የቀኙን ላይ ከግራው ታች። እሱ ገባን። የገበሬ ሰው ሂሳብ በተፈጥሮው ያውቃል የሚሉ አሉ። ውሸት ነው። እኔ የአረም መድኃኒት ከውኃ ጋር ስንት ጊዜ በጥብጫለሁ፣ ሰሌዳ ፊት ስቆም ግን ምንም አልረዳኝም። የገደለን ቅንፉ ነው። ሦስት ከውጭ ቆሞ፣ ኤክስ ሲደመር አራት በቅንፍ ውስጥ ሲሆን። እኔ ተነሥቼ፣ ሦስት ኤክስ ሲደመር አራት ብዬ ጻፍኩና ወደ ቦታዬ ልመለስ ስል፦

«ጌታዬ፣ ጓሮ ያለውስ?» አሉኝ።

«የት ጓሮ ቲቸር?»

«እርስዎ ለቅሶ ሊደርሱ ይሄዳሉ እንበል። በር ላይ የቆመውን ሰውዬ እግዜር ያጽናህ ይሉና ይመለሳሉ? ሚስቱ ጓሮ ተቀምጣ እያለቀሰች?»

«አልመለስም።»

«ታዲያ ኤክስን ብቻ ጽናቱን ይስጥህ ብለው፣ አራትን ጓሮ ጥለውት የሚመጡት ምን በድሎዎት ነው?»

ክፍሉ ሳቀ። ከድር፣ የጋሪ ነጂ ነው፣ ዝም ማለት አይችልም፦ «ቲቸር፣ ጓሮ ውሻ ታስሮ ከሆነስ?»

«ውሻውም በሦስት ይባዛል። ና አባዛው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀንድ እንድናወጣ አዘዙን። ቀንድ ማለት ከውጭ ካለው ቁጥር ተነሥቶ በቅንፍ ውስጥ ወዳለው ወደ እያንዳንዱ የሚሄድ ቅስት መስመር ነው፤ አንዱ ለበሩ፣ አንዱ ለጓሮው። ማንም እንዳይዘለል። «ቀንድ የሌለው ወረቀት አላርምም» ይሉ ነበር፣ አያርሙምም። ዳቦ ቤት የምትሠራው ሙሉ መልሷ ልክ ሆኖ ቀንድ ስላላወጣች ዜሮ አግኝታ አልቅሳለች።

«ጓሮ ያለውስ?» ለሂሳብ ብቻ አልነበረም። ወንድ ልጅ ተወለደልኝ ብዬ ስነግራቸው እንኳን ደስ ያለህ ሳይሉ «እናትየውስ?» ነበር ያሉት። አንድ ጊዜ የዓመቱ መዝጊያ ተብሎ ለመምህራኑና ለእኛ ለስላሳ ታደለ። ሁሉም ከፍቶ ይጠጣል፣ የእሳቸው እንደተከደነ ነው። «ቲቸር አይጠጡም እንዴ?» አልናቸው። «ዘበኛውስ?» አሉ። አንዱ ሮጦ ለዘበኛው እስኪወስድለት አልከፈቱም። ሰው ደግ ሴት ነበሩ እንዲል አይደለም ይህን የምጽፈው። ደግ አልነበሩም። ሙሉን በክፍሉ ሁሉ ፊት «አንቺ ዘንድሮ አታልፊም፣ ከርሞ ነይ» ብለዋታል፣ ወድቃ ከርሞ መጥታ ነው ከእኛ ጋር የተማረችው። ዝም ብሎ አንድ ሰው መዝለል የማይችሉ ሰው ነበሩ። እንደ ሕመም።

ፈተናው ከላይ የመጣ ነበር። ያረሙትም የሌላ ትምህርት ቤት መምህራን ናቸው። አንድ ረድፍ ላይ እኔ ፊት፣ ከኋላዬ ከድር፣ ከከድር ኋላ ሙሉ ተቀመጥን። ተፈትኜ ወጣሁ፤ ደስ ብሎኝ ነበር። ጋሽ ተክሌንም እስከ አጨዳ ድረስ ወንበሩን እንዲይዝልኝ ነገርኩት። «እስከ አጨዳ» አለኝ፣ «ከዚያ ወዲያ ማሽኑ ሰው ይፈልጋል።»

ውጤት ሲወጣ የሦስታችን የለም። አራሚዎቹ ኮርጀዋል ብለው ወረቀታችንን ለርዕሰ መምህሩ መልሰውለት፣ ቢሮው ተጠራን። ወጣት ሰው ነው፣ ክፉ አይደለም፣ የቸኮለ ነው። ሦስቱን ወረቀት ጎን ለጎን ዘረጋቸው። ጥያቄው እንዲህ ነበር፦

(x + 6) / (2 · x) = 5 / 4

«ከክፍላችሁ ሌላው ይህን ጥያቄ ዘሎታል፤ ሦስታችሁ ግን» አለ፣ «መልሱ አሥራ ሁለት ሲካፈል ለሃያ ሦስት ብላችኋል። ትክክለኛው መልስ አራት ነው። ሦስታችሁም አራት ብትሉ ጎበዞች ናችሁ እል ነበር። ልክ መልስ አንድ ነው፣ ብዙ ሰው ያገኘዋል። ስህተት ግን የየራስ ነው። አሥራ ሁለት ሲካፈል ለሃያ ሦስትን ሦስት ሰው በአንድ ረድፍ ከየት ያመጣዋል?»

እኛም አላወቅንም። ከድር «አቦ፣ እኔ ከራሴ ነው ያመጣሁት» አለ። ሙሉ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። እኔ ጮህኩ። መጮኼ አልጠቀመኝም፤ ጩኸቴን እንደ ማስረጃ ቆጠረው።

ቲቸር አስካለ ተጠሩ። ግድግዳውን ተደግፈው ገቡ፣ ተቀመጡ፣ መነጽራቸውን አደረጉ። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አዩ። ከዚያ ጣታቸውን አንዱ ወረቀት ላይ አሳረፉና፦

«ይኸ ቀንድ የኔ ነው» አሉ።

አስረዱት። ሲመሳቀል በግራ በኩል 4(x + 6) ይመጣል። እዚያ አራቱ ለበሩም ለጓሮውም ይደርሳል፣ ልጆቹ በትክክል አዳርሰዋል። በቀኝ በኩል ደግሞ 5(2 · x) ይመጣል። እዚህ በቅንፉ ውስጥ መደመር የለም። ሁለትና ኤክስ የተባዙ ናቸው፣ እንደ አንድ ሰው ናቸው፤ አምስት አንድ ጊዜ ከነካቸው በቃ፣ አሥር ኤክስ ነው። እኛ ግን ቀንድ አወጣንበት። ሁለትንም በአምስት፣ ኤክስንም በአምስት። አሥር ኤክስ መሆን የነበረበት ሃምሳ ኤክስ ሆነ።

«እኔ በሰጠኋቸው ምሳሌ ሁሉ» አሉ፣ «ቅንፍ ውስጥ ያለው ወይ መደመር ነው ወይ መቀነስ። ማባዛት አስገብቼ አላውቅም። ጓሮ አትርሱ፣ ጓሮ አትርሱ ስል ኖርኩ፤ ጓሮ የሌለው ቤት እንዳለ አልነገርኳቸውም። አልኮረጁም። ሦስቱም እኔን ነው የሰሙት።»

ርዕሰ መምህሩ ፈገግ አለ። «ቲቸር፣ ተማሪዎችዎን ለማዳን ብለው ነው።»

«ማስተማር አላውቅም ብዬ እዋሻለሁ? በዚህ ዕድሜዬ?»

እሱ ግን የሚያቀርበው ሪፖርት አለበት። ትንሽ አሰበና ወደ እኔ ዞረ። «አንተ ፊት ነበርክ» አለኝ። «ፊት ያለ ሰው ከኋላው አይኮርጅም። ሁለቱ ካንተ ገልብጠዋል ብለህ ፈርም፣ ያንተን ውጤት ዛሬ እለቃለሁ።» ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጠኝ።

ከድርና ሙሉ እዚያው ቆመዋል። ከድር እጄን ያያል። እኔ እስክሪብቶውን ያዝኩ። የያዝኩት ልፈርም ይሁን ልወረውረው አላውቅም፤ ስለራሴ የማላውቀውን አልጽፍም። ቲቸር አስካለ ቀና ብለው አላዩኝም። ወረቀቶቹን እያዩ፣ ቀስ ብለው፣ ክፍል ውስጥ በሚሉት ድምፅ፦

«ጓሮ ያሉትስ?» አሉ።

እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

በር ላይ ጠበቅኳቸው። ብርድ ነው፣ ከጭላሎ የወረደ ጉም ግቢውን ሸፍኖታል። ሲወጡ መንገዱን ዘጋሁባቸው።

«ቲቸር፣ ያጠፉት እርስዎ ነዎት፣ የምቀጣው እኔ ነኝ።»

«አዎ።»

«ወንበሩ ሊሄድብኝ ነው። ቢሮ ውስጥ ዝም ቢሉኝ ኖሮ ዛሬ ባለቀልኝ ነበር።»

«አዎ።»

«አዎ ብቻ?»

«ሌላ ምን ልበልህ? አዎ ነው።»

ይቅርታ ቢሉኝ እሰድባቸው ነበር። አላሉኝም። ከዚያ ክንዴን ያዙ፣ ወድጄያቸው ሳይሆን እግራቸው ስለከዳቸው፣ እስከ ባጃጁ ድረስ ደገፍኳቸው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ መንገድ ላይ ሳያቸው ተሻገርኩ። ጠላኋቸው። ሰው እኔን ትቶ ስለ ሌላው ሲያስብብኝ አልወድም፤ ዛሬም አልወድም።

እሳቸው ግን ርዕሰ መምህሩን አልለቀቁትም። በየሳምንቱ በዚያ እግራቸው የቢሮውን ደረጃ ወጥተው እዚያ ይቀመጣሉ። የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ ይኸንን ጥያቄ ለአዲሶቹ ተማሪዎቼ ስጣቸው። የነሽፈራውን ወረቀት አላዩም፣ አንድ ረድፍ ላይ አልተቀመጡም። ልክ እንደ ወትሮዬ ላስተምራቸው፣ አንተ እዚያው ቁጭ በል፣ ከዚያ ራስህ ፈትናቸው። አሥራ ሁለት ሲካፈል ለሃያ ሦስት ካላመጡ ሦስቱን ቅጣ።

ይህን የነገረችኝ ሙሉ ናት፣ ዳቦ ስታደርስ ሰምታ። «ክፍሉን ሁሉ ሊያስወድቁልን ነው» አለችኝ። በመጨረሻ ሰውየው እሺ አለ፣ ለመገላገል ይመስለኛል። ግን አዲሶቹ ያ ምዕራፍ ላይ እስኪደርሱ መጠበቅ ነበረበት፤ ቲቸር ምዕራፍ አይዘሉም። ኅዳር ገባ። አጨዳው ደረሰ። ጋሽ ተክሌ ወንበሩን ከአቦምሳ ለመጣ ሰው ሰጠው። ያንን መኸር ሙሉ፣ እኔ ማሳ ውስጥ የለመድኩትን ማሽን፣ ያ ሰው እየነዳ እኔ ከሥር ግራሶ ስቀባ ነው የከረምኩት። ሰውየው ጥፋት የለበትም። «ቁልፍ አሥራ ሰባት አቀብለኝ» ሲለኝ አቀብለዋለሁ።

ምዕራፉ የደረሰው ከጥር በኋላ ነው። የማታ ይባላል እንጂ የምንጀምረው ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ ነበር። እኔ፣ ከድርና ሙሉ ከውጭ በመስኮት ቆመን አየን። ርዕሰ መምህሩ ከኋላ አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። ቲቸር ሰሌዳው ሥር ተቀምጠው በታችኛው ግማሽ ላይ ይጽፋሉ። ለቅሶውን ተናገሩ። ጓሮውን ተናገሩ። ቀንዱን አወጡ። ሰው ሳቀ፣ እኛ በሳቅንበት ቦታ ላይ ነው የሳቀው። ያን ቀን የተናገሩት ነገር ሁሉ ልክ ነበር፤ የጎደለውን ግን አውቀው ነው ያጎደሉት። በፊት ሳያውቁ ነበር። ፊታቸውን አየሁት። ልጇን መርፌ ስታስወጋ እጁን የምትይዝ እናት እንዲህ ታደርጋለች፣ ወደ ሌላ ታያለች።

በማግስቱ ርዕሰ መምህሩ ራሱ ጥያቄውን ጻፈ። ሰዉ አቀረቀረ። እሱ በየረድፉ መሄድ ጀመረ። የመጀመሪያዋ ሴትዮ አጠገብ ቆመ። ቀጥሎ ያለው ጋ ቆመ። ከውጭ ሆነን ወረቀቱ አይታየንም፣ የሰውየው ጀርባ ግን ይታያል፤ እየቆየ ጎበጠ።

ከድር «ቀንድ ነው» አለኝ በሹክሹክታ። «ወላሂ ሁሉም ቀንድ ነው።»

አንድ ሰው ብቻ አራት ብሎ ጽፏል። ፖሊስ ነው፣ ከተረኝነት መጥቶ የባለፈውን ቀን ትምህርት ሙሉውን ተኝቶ ያሳለፈ። ርዕሰ መምህሩ ወረቀቱን አንሥቶ ቀንዱን ፈለገ። የለም።

«በቃ ቲቸር» አለ መሀል ላይ ሲደርስ። «ገብቶኛል።»

«ጨርስ» አሉት። «ከኋላ ያሉትንም እይ።»

ጨረሰ። ከኋላ ያሉትንም አየ። ሲመለስ አንገቱን ደፍቶ ነው። ክፍሉ ግን ምን እንደሆነ አያውቅም። አንዲት ሴትዮ «ተሳሳትን እንዴ?» ብላ ጠየቀች።

ያኔ ቲቸር አስካለ ተነሡ። ሰሌዳውን በግራ እጃቸው ይዘው ቆሙ። ቀጥ ብለው ቆመው ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነው፤ ለካ ረጅም ሴት ናቸው። ማንም ጽፎበት በማያውቀው በላይኛው ግማሽ ላይ፣ ከኋላ ያለውም ሳይነሣ እንዲያየው፣ 5(2 · x) = 10x ብለው በትልቁ ጻፉ።

«እናንተ አልተሳሳታችሁም» አሉ። «ትናንት ያስተማርኳችሁ ጎዶሎ ነበር፣ ሰው ስለተቸገረብኝ ነው። ከእናንተ በፊት ያስተማርኳቸውም ጎዶሎ ይዘው ሄደዋል። አሁን ጻፉ። መደመር ካለ አዳርሱ። ማባዛት ከሆነ አንድ ጊዜ ይበቃል።» ጠመኔው ተሰበረ። በስባሪው ቀጠሉ። ወንበሩን ያቀረበላቸው ርዕሰ መምህሩ ነው፤ አልተቀመጡም፣ ሁሉም ጽፎ እስኪጨርስ።

ሲወጡ መስኮቱ ሥር አገኙን። ሦስታችንንም አዩን፣ አንድ በአንድ።

«ነገ ቢሮ ሂዱና ውሰዱ» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ፦ «መንጃህን አውጣ።»

«ወንበሩ ሄዷል ቲቸር።»

«አውቃለሁ። አንተ አውጣ።»

አወጣሁ። ኮምባይነር ላይ የወጣሁት ከዚያ ብዙ ቆይቶ ነው፣ በሌላ ሰው ማሽን፣ ሌላ ሰው ሲወርድ። እሳቸውን ከዚያ በኋላ ሳገኛቸው ሰላም እላለሁ፣ እሳቸውም «እናትየውስ?» ይሉኛል፤ ደህና ናት እላለሁ፣ እንለያያለን። ያ መኸር ያለፈብኝ በእሳቸው ነው፤ ሞቱ ብዬ አልሰርዝላቸውም። ግን ኮምባይነሩን ይዤ ማሳ ጫፍ ስደርስ፣ ወደ ኋላ ዞሬ ሳላይ መልሼ አልዞርም። ጥግ ላይ የቀረ ስንዴ ካለ እመለስበታለሁ። ባለማሳው «ተወው፣ ነዳጅ አትጨርስ» ይለኛል። አልተውም።

የሦስታችን ውጤት በአንድ ላይ ተለቀቀ፦ ሐሙስ፣ የካቲት 17 ቀን።